ገመድ የያዝኩ ጊዜ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ነገ ሌሊት ወደ ምድብ ሥራህ ትሳፈራለህ። ፊት ለፊት ብነግርህ እንባ ስለሚቀድመኝ ጻፍኩልህ። እሑድ ቡና ላይ «የወጣት ሰልፍ ምን ለወጠ? ጩኸት ብቻ ነው» ያልከው ከልቤ አልወጣም።

በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሲተሙ እኔ ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ። በ10 ዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። ያወጁት ወታደሮች ናቸው፤ ጥያቄውን ያን ሁሉ ዓመት ሳያስረሳ ያቆየው ግን ተማሪው ነው። በመሃሉ ስንቱ ታሰረ፣ ስንቱ ከትምህርት ተባረረ፤ የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ተገደለ።

እኔም ተማሪዎች ወደ ገጠር በዘመትንበት በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገበሬ ማኅበር ስናደራጅ ገመድ ይዤ መሬት ለክቻለሁ። አንድ ሽማግሌ ጭሰኛ ከኋላዬ እየተከተሉ «ልጄ፣ የዘንድሮን እኩሌታ ለማን ነው የማስረክበው?» አሉኝ። «ለማንም፤ ምርቱ የእርስዎ ነው» አልኳቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ዝም ብለው ጎንበስ አሉና ከማሳው ድንጋይ እየለቀሙ ወደ ዳር መወርወር ጀመሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ድንጋይ መሃል ነበር ያረሱት። ለሰው መሬት ማን ወገቡን ይሰብራል?

ጥፋታችንንም አልደብቅህም። ብዙም ሳይቆይ መደማመጥ አቃተን። አብረውኝ ገመድ የጎተቱ ሁለት ልጆች በየፊናቸው ድርጅት ገቡና የእግዜር ሰላምታ ተነፋፈጉ። ሁለቱንም ቀይ ሽብር በላቸው። እናቶቻቸው ለቅሶ እንኳ መቀመጥ አልተፈቀደላቸውም። እስከ ዛሬ ድረስ ገመድ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይሉኛል።

ስለዚህ ልጄ፣ በደል ስታይ ዝም በል አልልህም፤ ተሰለፍ። ግን የምትጮህለትን ሰው ጓዳ አስቀድመህ እወቅ። የዚያ ዘመን ጥያቄ አገር ያንቀሳቀሰው የጭሰኛው ኑሮ ውስጥ ስለነበረ ነው። በሐሳብ የተለየህን ጓደኛህን ደግሞ ጠላት ብለህ አትጥራው። ሲከራከርህ አምሽቶ ከሆነ እራቱን አብረኸው ብላ።

ጋቢውን ከሻንጣህ ሥር አድርጌልሃለሁ፤ አገሩ ብርድ ነው አሉ። ከዚያ አገር ገበሬዎች ቤት ገብተህ ቡና የጠጣህ ቀን ደውልልኝና ያጫወቱህን ንገረኝ።

እናትህ