የአባቴ ፊደል፣ የእናቴ ኮምፒውተር

በእናቴ ቤት ሳሎን፣ ከቡፌው ጎን፣ ዳንቴል የለበሰ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ዳንቴሉን የሠራችው እናቴ ናት፤ ኮምፒውተሩን የገዛው ግን አባቴ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ከመምህርነት ጡረታ ሲወጣ ካጠራቀማት ገንዘብ ላይ ቀንሶ አመጣውና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖረ። በእነዚያ አምስት ዓመታት ማለዳ ማለዳ፣ ከቁርስ በፊት፣ በሁለት ጣቱ ፊደል እየለቀመ ግጥሞቹን ጻፈ። አንዱንም ሳያሳትም በ2006 ዓ.ም. ዐረፈ።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከመስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ሒሳብ ሳይዘጋ፣ በእጄ ያለው ገንዘብ ከመዝገቡ ጋር ሳይታረቅ፣ ወደ ቤቴ አልሄድም። በመሥሪያ ቤቴ ያለውን ኮምፒውተር ከምሠራበት ገጽ አልፌ እንድነካው አይፈቀድልኝም፤ ደግሞም ትክክል ነው። የእናቴ ኮምፒውተር ግን በእኔ እጅ ነው። ጥገና የሚባለውን ነገር የተማርሁት እርሱ ላይ ነው፤ አስተማሪዎቼም በአብዛኛው ስሕተቶቼ ነበሩ።

አባቴ ባረፈበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014፣ ኮምፒውተሩ ይሠራበት የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒም የጥገና ዘመኑ አበቃ። ቤቱ ለለቅሶ በመጣ ሰው ተሞልቶ ስለነበር ያንን ያስተዋለ አልነበረም። በዓመቱ ግን ከዘመድ ፍላሽ የተጋባ ቫይረስ ማኅደሮቹን እየሰወረ ሲያስቸግር፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሊኑክስ የሚባል ነገር መኖሩን ነገረኝ። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው፣ የተሠራበት ጽሑፍ ለማንም ክፍት የሆነ የሥርዓት እምብርት ነው። በዚህ እምብርት ዙሪያ ፕሮግራሞችን አሰባስበው ሙሉ ሥርዓት አድርገው የሚያቀርቡ ብዙ ማኅበሮች አሉ። እኔ ከመካከላቸው ዴቢያንን መረጥሁ። ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲመሠርተው ስሙን ከራሱና ዴብራ ከተባለችው ወዳጁ ስም አጋጥሞ ነው ያወጣለት። ስሙ የሁለት ሰዎች ፍቅር ይሁን እንጂ ሥራው የብዙ ሺህ ሰዎች ነው።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ዴቢያን 8ን ጫንሁ። መጫኛው ገና ሲከፈት ቋንቋ ምረጥ አለኝ። ዝርዝሩን እያየሁ ስወርድ «አማርኛ» የሚል አገኘሁ። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ለአንተ ቀላል ይመስልህ ይሆናል። እኔ ግን እጄን ከመዳፊቱ ላይ አነሣሁ። ስሙን የማላውቀው፣ ምናልባትም ሌላ አገር የሚኖር አንድ ሰው፣ ማንም ሳያዝዘው ማታ ማታ ተቀምጦ «ቀጥል» እና «ተመለስ» የሚሉትን ቃላት በእናቴ ቋንቋ ጽፎ አስቀምጧል። ያ ሰው ለአባቴ ኮምፒውተር እንደሠራ አያውቅም።

የአባቴን ማኅደር አስቀድሜ ቀድቼ ስለነበር ወደ አዲሱ ሥርዓት መለስሁት። የመጀመሪያውን ፋይል ስከፍት ግን ያየሁት አማርኛ አልነበረም። የላቲን ፊደላት፣ የጥቅስ ምልክቶች፣ የመደመርና የእኩል ይሆናል ምልክቶች እንደ ተበተነ ጥራጥሬ ገጹን ሞልተውታል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው ነበር። ፋይሎቹ የተበላሹ መሰለኝ። እናቴ ከጓዳ ሆና «የአባትህ ግጥሞች አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አሉ፣ እማዬ፤ በደኅና ተቀምጠዋል» አልኋት።

ይህን ውሸት ዐሥር ዓመት ኖርሁበት።

በዐሥሩ ዓመት ውስጥ ኮምፒውተሩን አልተውሁትም። የማስታወሻ አቅሙን ወደ 4 ጊጋባይት አሳደግሁለት፤ ለአሮጌ ዕቃ የማይከብደውን ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ገጽታ አለበስሁት፤ እናቴ እንደምትናገረው በድምፁ እየጻፈች ፊደሉን የምታወጣበትን ዘዴ አስተካከልሁላት። በየሁለት ዓመቱ አዲስ ዴቢያን ሲወጣ፣ በ9፣ በ10፣ በ11፣ በ12 አሻገርሁት። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና እስኪፈላ እቀመጥና ማሻሻያዎቹን አወርዳለሁ፤ ዲስኩ ምን ያህል እንደ ሞላ አያለሁ፤ ሥርዓቱ ስለ ራሱ የሚጽፈውን መዝገብ አነባለሁ። ይህን መዝገብ ስወድደው! በባንክ እንደምናውቀው ጆርናል ሁሉ እያንዳንዱ መስመር ቀኑንና ሰዓቱን ይዞ ነው የሚጻፍ። ኮምፒውተሩ ምን እንደ ደረሰበት አይደብቅም። የሚደብቅ እኔ ነበርሁ።

ዴቢያን 13 የወጣው ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። እኔም በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሽግግሩን ጀመርሁ። አራት ጊዜ ያለ ችግር አልፌ ስለነበር ልቤ ደንድኖ ነበር። ቅጂ ሳልይዝ፣ ባትሪ ያለው የኃይል መጠበቂያም ሳይኖር፣ ከሺህ የሚበልጡ ጥቅሎች እየተፈቱ ሲደረደሩ መብራት ጠፋ።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ጥቂት መስመሮች ጽፎም ቆመ። የመጨረሻው መልእክት በእንግሊዝኛ ነበር፤ በእኛ ቋንቋ ሲመለስ «የሥሩን የፋይል ሥርዓት ማያያዝ አልቻልሁም» እንደ ማለት ነው። በሊኑክስ ዓለም ሁሉም ማኅደር የሚበቅልበት የመጀመሪያው ቦታ ሥር ይባላል፤ ሁሉን ማድረግ የሚችለው ተጠቃሚም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ሥሩ ካልተገኘ የቀረው ሁሉ የለም።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «ምን አለ?» አለችኝ።

«ሥሩ ጠፋብኝ አለ» አልኋት። ምንም አልመለሰችም። ዳንቴሉን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ያን ጊዜ ያዳነኝ የእኔ ብልኀት አልነበረም፤ የዴቢያን ሰዎች ጥንቃቄ ነበር። አዲስ እምብርት ሲጫን አሮጌውን ወዲያው አያጠፉትም። አዲሱ እምብርት ሲነሣ መጀመሪያ የሚመረኮዝበት፣ የዲስኩን ሥር ፈልጎ የሚያገኝለት አንድ ትንሽ ፋይል አለ፤ መብራቱ የጠፋው እርሱ ሳይዘጋጅ ነበር። ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሥቼ ከመክፈቻው ዝርዝር የቀድሞውን እምብርት መረጥሁ። ሥዕልም መስኮትም አልመጣም፤ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ስሜን ጠየቀኝ። ገባሁ። የተቋረጠውን የጥቅሎች ዝግጅት ካቆመበት እንዲቀጥል የሚያደርገውን አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍሁ። ሥርዓቱም ሥራው በምን ላይ እንደ ተቋረጠ መዝግቦ ስለነበር፣ አንድ በአንድ እያነሣ ጨረሰው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ገጹ ተመለሰ። አዲሱ ሲወድቅ አሮጌው ተነሥቶ ደገፈው።

በማግሥቱ የዲስኩን ጤና መረመርሁ። እያንዳንዱ ዲስክ ስለ ራሱ የሚቆጥራቸው ቁጥሮች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ስንት የተበላሹ ቦታዎችን በመለዋወጫ ቦታ እንደ ተካ ይናገራል። ለዓመታት ዜሮ የነበረው ይህ ቁጥር 40 ደርሶ አገኘሁት፤ በሳምንቱ ደግሞ 56 ሆነ። ገንዘብ የሚቆጥር ሰው ይህን ቋንቋ ያውቀዋል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚጎድል ካዝና መጨረሻው የታወቀ ነው። በዚያው ዕለት ውጫዊ ዲስክ ገዝቼ የአባቴን ማኅደር ቀዳሁ፤ አንድ ሁለተኛ ቅጂም በእኔ ቤት አኖርሁ። ከቀዳሁ በኋላም አንድ ፋይል ከፈትሁ። ያ የተበተነ ጥራጥሬ እንደ ነበረ ነው።

በዚህ ጊዜ ግን ፈርቼ አልዘጋሁትም። ደጋግሜ ስመለከት መድረሻ ላይ ተመሳሳይ ምልክቶች ይደጋገማሉ፤ መስመሮቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ። የተበላሸ ፋይል ቤት አይመታም። ይህ ግጥም ነበር።

የነገሩን ሥር ያገኘሁት ቀስ ብዬ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በአገራችን ደግሞ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍባቸው የነበሩት ፕሮግራሞች የላቲኑን ቦታ ተውሰው የፊደሉን ሥዕል ብቻ ይለውጡ ነበር። ቦታው ከ256 ስለማይበልጥ፣ በአንዳንዶቹ ዘንድ አንዱ ፊደል በሁለት ቁራጭ ምልክቶች እየተገጣጠመ ይሠራ ነበር። እኛ ሰምና ወርቅ እንላለን፤ ከላይ የሚታየው ሰሙ አማርኛ ነበር፣ ውስጡ ግን የተቀመጠው ላቲን ነበር። እኔ ሥርዓቱን ስለውጥ ያን የፊደል ሥዕል ሳልወስድ ስለ ቀረሁ ሰሙ ቀለጠ። ፋይሎቹ አንድም ቀን ተበላሽተው አያውቁም፤ የጎደለው የእኔ ዕውቀት ነበር።

አባቴ በእጁ ያባዛቸው፣ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚሰጥ የሚያሳዩ ሁለት ገጾች በመሳቢያው ነበሩ። በእነርሱ መሠረት የመመለሻ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ፤ በአንድ ወገን አሮጌው ምልክት፣ በሌላው ወገን የዩኒኮዱ ፊደል። ሦስት ሳምንት ከሥራ መልስ ሠራሁበት። ከዚያም በቅጂው ላይ አስኬድሁት። ዋናውን አልነካሁም፤ ከመብራቱ በኋላ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። በእሑዱም አንድ ገጽ ከፍቼ እናቴን ጠራኋት። መነጽሯን አድርጋ አነበበች፤

ቅጠሉ ረገፈ ብላችሁ አታልቅሱ፣
ስሩን ውሃ አጠጡት፣ ያቆጠቁጣል እርሱ።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ታለቅስ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። እርስዋ ግን ጣቷን ወደ ገጹ አቅርባ «ይኼ የአባትህ አይደለም» አለችኝ።

«እንዴት፣ እማዬ?»

«አባትህ ሥርን በእሳቱ ሰ አይጽፍም ነበር፤ በንጉሡ ሠ ነው። ውኃም በብዙኃኑ ኀ ነው። በዚህ ነገር ስንት ተማሪ አልቅሶበታል!»

ሠንጠረዡን መልሼ አየሁት። አሮጌው ፋይል ሁለቱን ፊደላት በሁለት የተለያዩ ምልክቶች ለይቶ ይዟቸዋል። በዩኒኮድም ሠ በ1220፣ ሰ በ1230 ለየብቻቸው ተቀምጠዋል። የአባቴ ፋይል አልሳተም፤ ዓለም አቀፉ ሠንጠረዥም አልሳተም። ሁለቱን ወደ አንድ የጨፈለቀቻቸው ሠንጠረዡን ስሞላ ልዩነቱን ረስታ የኖረችው የእኔ እጅ ናት። ስድስት ሰዓት ያህል ተቀምጬ ሀሌታውን፣ ሐመሩን፣ ብዙኃኑን፣ ሁለቱን ሠ፣ ሁለቱን አ፣ ሁለቱን ጸ እየለየሁ አረምሁና እንደገና አስኬድሁት። ዋናው ቅጂ ሳይነካ ስለ ተቀመጠ ሁሉን ነገር ከመጀመሪያ መጀመር ይቻል ነበር። 83 ግጥሞች ሆኑ።

ያን ማታ ስለ ዐሥር ዓመቱ ውሸት ነገርኋት። «ዐውቄው ነበር» አለችኝ። «ቢኖሩማ ኖሮ አንዱን ታነብልኝ ነበር።»

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን በኋላ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው፤ «አንተ ባትኖር ይኼን ማን ይጠግነዋል?» መልስ አልነበረኝም። የሚስጥር ቃሉ በእኔ ራስ ውስጥ ነበር፤ አሠራሩም እንዲሁ። አባቴ ግጥሙን ያለ ቅጂ ትቶ እንደ ሄደ ሁሉ፣ እኔም ጥገናውን ያለ ቅጂ ይዤው ነበር። ክፍት የሆነ ሥርዓት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ሲቆለፍ ክፍትነቱ ምንድን ነው?

ስለዚህ አሁን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አንድ ባለ መስመር ደብተር አለ። ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ የሠሪው ፊርማ፤ ልክ እንደ ባንክ መዝገብ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቅደም ተከተሉ በአማርኛ ተጽፏል፤ መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ የዲስኩ ቁጥር፣ ከዚያ ማሻሻያ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ፋይል ከፍቶ ማንበብ። የመጨረሻውን የጨመርሁት ከራሴ ኃጢአት ተምሬ ነው፤ ተከፍቶ ያልተነበበ ቅጂ ቅጂ አይባልምና። ዲስኩም ተለውጧል።

ባለፈው ወር እሑድ እኔ ወንበሩን ለቅቄ የዐሥራ አራት ዓመቷ የእኅቴ ልጅ ተቀመጠች። ቅደም ተከተሉን እያነበበች ሁሉንም ራሷ ሠራችው፤ እኔ ቡናዬን ይዤ ከማየት በቀር አልተናገርሁም። ስትጨርስ ደብተሩን ስባ «ስርዓቱ ታድሷል» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

እናቴ መነጽሯን አደረገች። ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው። ከዚያም እስክሪብቶውን ከልጅቷ እጅ ወስዳ፣ የመጀመሪያዋን ፊደል በአንድ መስመር ሰርዛ፣ በላይዋ ላይ ንጉሡን ሥ ጻፈች።