ስለ ሕፃናት ጠጕር አያያዝ

የሕፃን ጠጕር ነገር በመጀመሪያ ሲያስቡት የጓዳ ጉዳይ እንጂ በጋዜጣ ሊጻፍ የሚገባ ነገር አይመስልም። ነገር ግን ሕፃን ልጅ ገና ንግግር ሳያውቅ የሰውን እጅ በራሱ ላይ ያውቃል፤ እጁም ለስላሳ ወይም ጨካኝ መሆኑን በዚያው ይለያል። ደግሞም ሰው ስለ መልኩ የሚሰማው ክብር ወይም ኀፍረት ብዙውን ጊዜ የሚዘራው በልጅነቱ ጠጕሩ በሚበጠርበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በመካነ ሰላም ተወልጄ ሳድግ ያየሁትን፥ ዛሬም በአዲስ አበባ ልጆቼን ሳሳድግ የተረዳሁትን፥ ሐኪሞችም የሚያስተምሩትን አንድ ላይ አድርጌ ለክቡራን አንባቢዎች ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ።

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ በምዕራብ በኩል፥ ወደ ዓባይ በረሃ ከሚያወርደው ገደል በላይ በቦረና ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚያ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ከአንድ ምንጭ እየቀዳ የሚኖር ስለ ሆነ፥ የሕፃን ጠጕር ሥርዓት በሁለቱም ቤት ይታያል። በሙስሊሙ ሥርዓት ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ራሱ ይላጫል፤ በተላጨውም ጠጕር ክብደት ልክ ብር ለድኆች ይመጸወታል። በክርስቲያኑም ቤት ወንዱ በአርባ፥ ሴቲቱ በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ከዚያ በኋላ ከፍ ሲሉ ወንዱ ራሱ ተላጭቶ በአናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለት ነበር። ሴቲቱ ደግሞ መካከሉ ተላጭቶ በዙሪያው እንደ ቀለበት ጠጕር ይቀርላት ነበር፤ ይህም ጋሜ ይባላል። ቁንጮው ስለ ምን ተተወ ተብለው ሲጠየቁ፥ ሕፃኑ የሞተ እንደ ሆነ መልአክ በዚያ ይዞ ወደ ሰማይ እንዲያወጣው ነው የሚሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሕፃናት እንደ ቅጠል በሚረግፉበት ዘመን እናት በዚህ መጽናናቷ አያስገርምም። ዛሬ ቁንጮውም ጋሜውም እየቀረ ሄዷል፤ ልጆቻችንም ጠጕራቸውን ከሕፃንነታቸው ጀምረው ያሳድጋሉ። ጠጕሩ ካደገ ዘንድ አያያዙን ማወቅ ግድ ይሆናል።

አባቶቻችን «ራስ ሳይጠና ጉተና» ይላሉ። ይህን ተረት ያለ ዐቅሙ ለሚቸኩል ሰው ይተርቱታል እንጂ፥ እንደ ቃሉ ቢይዙትም ለወላጆች የሚረባ ምክር ነው። የሕፃን እርግብግቢት አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው። እስከዚያ ድረስ የራሱ ቆዳ ስስ፥ ጠጕሩም ለጋ ስለ ሆነ፥ ረዘመ ተብሎ በቶሎ መጐንጐን አይገባም። ለእንደዚህ ያለ ሕፃን ለብ ያለ ውኃ፥ ጥቂት ለስላሳ ሳሙናና የእናቱ ጣት ይበቃዋል። በእርግብግቢት ላይ ቅቤ ማኖር የቈየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ቅቤው አቧራና ዝንብ ይሰበስባል እንጂ አጥንቱን አያጠናውም።

ጠጕር ስለ ምን ይጠቀለላል የሚል ጥያቄ ቢነሣ፥ ምክንያቱ ከቆዳ በታች ነው። ጠጕር የሚበቅልበት ጕድጓድ ቀጥ ያለ ሲሆን ጠጕሩ ሉጫ ይሆናል፤ ጕድጓዱ የታጠፈ ሲሆን ግን ጠጕሩ እየተጠቀለለ ይወጣል። ከራስ ቆዳ የሚመነጭ የተፈጥሮ ቅባት አለ። ይህ ቅባት በሉጫ ጠጕር ላይ እስከ ጫፉ በቶሎ ይወርዳል፤ በተጠቀለለው ላይ ግን ከመታጠፊያው ብዛት የተነሣ ጫፉ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። እንግዲህ የተጠቀለለ ጠጕር በባሕርዩ ቶሎ ይደርቃል፥ በየመታጠፊያውም ይሰበራል። ብዙ እናቶች «የልጄ ጠጕር አላድግ አለ» እያሉ ያዝናሉ። ነገር ግን የሰው ጠጕር በወር እስከ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ያድጋል፤ የልጃቸውም ጠጕር ከሥሩ ያድጋል፤ ያደገውን ያህል ግን ከጫፉ ተሰብሮ ስለሚያልቅ ያላደገ ይመስላል።

ይህን ስንረዳ የእናቶቻችን ቅቤ በከንቱ የተለመደ አለመሆኑን እናያለን። በቦረና ደጋ ውኃ ከሩቅ በእንስራ የሚመጣ፥ አየሩም ብርድ ስለ ሆነ፥ የልጆች ራስ የሚታጠበው ፀሐይ ሞቅ ሲል እኩለ ቀን ላይ ነበር። እናቴ ልጅቱን በጉልበቷ መካከል አስቀምጣ ጠጕሩን ለብ ባለ ውኃ ታረጥበዋለች፤ በአራት ክፍል ትከፍለዋለች፤ ከዚያም የእንጨቱን ሚዶ ይዛ ከጫፉ ጀምራ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሥሩ ትወጣለች እንጂ ከሥሩ ጀምራ ወደ ታች አትጐትትም ነበር። የተቋጠረ ሲያጋጥማት ሚዶውን አኑራ በጣቷ ትፈታዋለች። በመጨረሻም አደስ የገባበት ለጋ ቅቤ በመዳፏ አሟሙታ ጠጕሩ ገና እርጥብ ሳለ ትቀባለች። ዛሬ የጠጕር ሐኪሞች የሚመክሩትም ይህንኑ ነው፤ ይኸውም የተጠቀለለ ጠጕር ደረቅ ሳለ እንዳይበጠር፥ ቅባቱም ውኃው ሳይደርቅ እንዲቀባ ነው፤ ቅባት እርጥበቱን ይይዛል እንጂ እርሱ ራሱ እርጥበት አይሆንምና።

ቅቤ የማይወድ ወይም የማያገኝ ቤተ ሰብ በወይራ ዘይት፥ በጉሎ ዘይት ወይም በቫዝሊን ቢጠቀም ይሆናል። ቅቤ የተቀባ ራስ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ሳይታጠብ መቈየት የለበትም፤ ይሸታል፥ ትቢያም ይይዛል። የዚህ ዓይነት ጠጕር በየቀኑ በሳሙና ቢታጠብ ይደርቃል፤ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃዋል። ልጅቱ ስትተኛም ለስላሳ ሻሽ በራሷ ላይ ብታስር፥ ሌሊቱን ከትራስ ጋር እየተፋተገ ከመሰበር ይድናል።

ሹሩባ መልካም ነገር ነው። ጠጕሩን ከመተብተብ ይጠብቃል፥ በየቀኑም ከመበጠር ያሳርፋል። ነገር ግን አጥብቆ መጐንጐን ጉዳት አለው። ለበዓል ወይም ለሠርግ በሚሠራበት ጊዜ ቶሎ እንዳይፈታ ተብሎ ግንባር እስኪወጠር ድረስ ይጐነጐናል፤ ሕፃኒቱ ስታለቅስም «ቻይው፥ ያምርብሻል» ትባላለች። የእኅቴ ልጅ የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለች ለሠርግ የተሠራላት ሹሩባ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሥቷት ነበር። እናቷ በማግሥቱ ልትፈታላት ብትነሣ፥ ዘመዶች «ገንዘብ የወጣበት ነው፥ ጥቂት ይቈይ» ብለው ከለከሏት። ከዚያም ወዲህ በዚያው አሠራር እየተደጋገመ ተሠራች፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላም በግንባሯ ዳርና ከጆሮዋ በላይ ያለው ጠጕር ሳሳ። ሐኪሙ አይቶ፥ ይህ ከመጐተት የመጣ እንጂ ሌላ በሽታ አይደለም አለ። ሹሩባው ተትቶ ጠጕሩ እንዲያርፍ በተደረገ ጊዜ ከብዙ ወራት በኋላ ተመለሰ።

ይህ ጉዳት የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ትሬቢች የተባለ ኦስትሪያዊ ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. ጠጕራቸውን ወደ ላይ አጥብቀው በሚያስሩ በግሪንላንድ ሴቶች ዘንድ ይህንኑ አይቶ ጽፏል። መጐተቱ በጊዜ ቢቆም ጠጕሩ ይመለሳል፤ ለብዙ ዓመት ከቈየ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና ዳግመኛ አይበቅልም። ስለዚህ ሹሩባ ተሠርታ ራሷን የሚያማት፥ ወይም በጠጕሯ ሥር ትንንሽ ብጉር የወጣባት ልጅ ብትኖር፥ የወጣው ገንዘብ ሳያሳሳን በዚያው ቀን ልንፈታላት ይገባል። ያላመማትም ብትሆን ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በላይ ሳይፈታ አይቈይ።

ሁለተኛው ጠንቅ ቅማል ነው። ቅማል ከልጅ ወደ ልጅ ራስ ለራስ በመነካካት ይሻገራል፤ የንጹሕ ሰው ልጅም ስለሚይዘው ልጁን ማሳፈር አይገባም። በባላገርም በከተማም ላምባ ወይም የተባይ መግደያ መድኃኒት በሕፃን ራስ ላይ የሚያፈሱ ሰዎች አሉ። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። መርዙ በቆዳና በትንፋሽ ወደ ሰውነት ይገባል፤ ላምባ የተቀባ ራስም እሳት በሚነድበት ቤት ሕፃኑን በአንድ ቅጽበት ሊያቃጥለው ይችላል። ደኅናው መንገድ ትዕግሥት ነው፤ ይኸውም ጠጕሩን አርጥቦና ቅባት ቀብቶ፥ ጥርሱ በተጠጋጋ ማበጠሪያ ከሥር እስከ ጫፍ ደጋግሞ ማበጠር ነው። ቅጫሙ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚፈለፈል፥ ሥራው በየሦስት በየአራት ቀኑ ለሁለት ሳምንት ያህል መደገም አለበት።

ሦስተኛው ቆረቆር ነው። ብዙ ሰው ሎሚ እያሸ፥ ቅጠል እየጨመቀ፥ የተገኘውን ቅባት ሁሉ እየቀባ ወራት ያሳልፋል። ነገር ግን የቆረቆር ተዋሲ በጠጕሩ ሥር ውስጥ ስለሚኖር፥ ከላይ የሚቀባ መድኃኒት ብቻውን አይደርስበትም። ሐኪም የሚያዘው እንደ ግሪሶፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለስድስት ወይም ለስምንት ሳምንት ያህል መወሰድ አለበት፤ ጠጕሩ መብቀል ሲጀምር ዳነ ብሎ ማቋረጥ በሽታውን ይመልሰዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደ ተባለ፥ የልጁን ራስ በቆብ ሸፍኖ መቀመጥ ለእርሱም ለእኅት ወንድሞቹም አይበጅም። ማበጠሪያ፥ ቆብና ሻሽ ለየልጁ የየራሱ ይሁን። በአንድ ምላጭ የብዙ ልጆችን ራስ መላጨትም ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ ቆረቆርን ብቻ ሳይሆን በደም የሚተላለፈውን የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪን ሊያሻግር ይችላልና።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚጐዳ ግን የአንደበት ነገር ነው። በቋንቋችን ሉጫና ዞማ የምስጋና ቃል፥ ከርዳዳ ደግሞ የስድብ ቃል ሆኖ ቈይቷል። ልጅቱ ጠጕሯ በሚበጠርበት ሰዓት «ይህ ከርዳዳ አስቸገረኝ» ሲባል በየጊዜው ከሰማች፥ ያስቸገረችው እርሷ ራሷ እንደ ሆነች ትቈጥራለች። ከዚያም ጥቂት ከፍ ስትል ጠጕር የሚያቀና ቅባት ትለምናለች። ከእነዚህ ቅባቶች በአንዳንዱ ውስጥ ለሳሙና መሥሪያ የሚያገለግለው ካስቲክ ሶዳ አለበት፤ የሕፃንን ቆዳ ያቃጥላል፥ ጠጕሩንም ያደክማል። የሚያቀናውም የወጣውን ጠጕር ብቻ ስለ ሆነ፥ አዲሱ እንደ ተፈጥሮው ተጠቅልሎ ይበቅላል።

ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ መቅደላ አለ። ዓፄ ቴዎድሮስ በሹሩባቸው የታወቁ ንጉሥ ነበሩ፤ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛም እንደዚሁ ሹሩባ ይሠሩ ነበር። ዓፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ፥ ከጠጕራቸው ተቈርጦ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በለንደን ያለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሁለት ዘለላ ጠጕራቸውን ለኢትዮጵያ መንግሥት የመለሰው ከ151 ዓመት በኋላ በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. ነው። የንጉሥን ጠጕር ከባዕድ አገር በክብር የተቀበልን ሰዎች፥ ያንኑ የመሰለውን ጠጕር በገዛ ልጆቻችን ራስ ላይ ስናይ መናቃችን እንዴት ይስማማል?

ትንሿ ልጄ በስድስት ዓመቷ ከትምህርት ቤት መጥታ «አባዬ፥ የእኔ ጠጕር ለምን ሉጫ አልሆነም?» አለችኝ። እኔ ስለ ቆዳና ስለ ጠጕር ሥር ላስረዳት ስጀምር፥ ከመካነ ሰላም ልትጠይቀን መጥታ የነበረችው እናቴ ሻሿን ፈታ ራሷን ዝቅ አደረገችላትና «ነይ የኔ እናት፥ ዳሰሽ እዪው» አለቻት። ሕፃኒቱም በአንድ እጇ ሽበቱን፥ በሌላው የራሷን ጠጕር ይዛ አመዛዘነችና «እማማ፥ አንድ ነው እኮ!» አለች። «አዎን፥ ለአባትሽ ሰጠሁት፥ አባትሽም ለአንቺ ሰጠሽ» ብላ መለሰችላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቱ ስለ ሉጫ ጠጕር አንሥታ አታውቅም።

እንግዲህ ለሕፃን ጠጕር የሚያስፈልገው ውድ ነገር አይደለም። ውኃ፥ ጥቂት ቅባት፥ ጥርሱ ሰፋ ያለ ማበጠሪያ፥ የላላ ጉንጉንና ክፉ ቃል የማያወጣ አንደበት ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን ጊዜ ነው፤ የቸኰለ እጅ ይጐትታልና። ይህን ሥራ ለእናቶች ብቻ የተውን እኛ ከጽሕፈት ቤት የምንመለስ አባቶችም በሳምንት አንድ ሰዓት ሚዶ ብንይዝ ክብራችን አይቀነስም። እኔ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ተራው የእኔ ነው፤ ልጆቼም በሌላ ቀን የማይነግሩኝን ነገር ሁሉ የሚነግሩኝ በዚያ ሰዓት መሆኑን አይቻለሁ።