ያንኑ መንገድ ደጋግሞ ስለ መሄድ፤ ከሰቆጣ እስከ ላሊበላ

ሰው ከቤቱ የሚወጣበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ፥ አንዱ ለሙግት፥ አንዱ ለሹመት፥ አንዱ ለጤናው፥ አንዱም ዐይኑን ደስ ለማሰኘት ይወጣል። ከነዚህ ሁሉ የተለየ ግን አንድ ዓይነት መንገደኛ አለ። ይኸውም ዕረፍት ባገኘ ቍጥር ወደ አዲስ አገር መሄድ ሲቻለው፥ የሚያውቀውን ያንኑ ጉዞ ደግሞ ደጋግሞ የሚመርጥ ነው። ብዙዎች እንደዚህ ያለውን ሰው፥ «ያየኸውን ማየት ምን ይጠቅምሃል?» እያሉ ይዘብቱበታል። እኛ ግን ሳንዘብት ምክንያቱን በዝግታ ልንመረምረው ይገባናል፤ ነገሩ የቤተ ሰብን ኑሮ የሚነካ ነውና።

በውጭ አገር የዚህ ምሳሌ የሚሆኑት በባሕር ላይ ለሽርሽር የሚዞሩት የመርከብ መንገደኞች ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ፥ ከባሕር በራቀው በዋግ ደጋ፥ በማኅበር ሆነው ከሰቆጣ ተነሥተው ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ በእግር የሚጓዙት ተሳላሚዎች ናቸው። አንዱ ለደስታ ሌላው ለነፍሱ ስለሚሄድ፥ ሁለቱን አንድ ማድረግ አይገባም። ዳሩ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ሰውን መልሶ የሚስበው ነገር በሁለቱም ዘንድ የተቀራረበ ሆኖ ይገኛል።

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ርእሰ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ኽምጣንጋና አማርኛም ባንድ ገበያ ይሰሙባታል። ጥንት የዋግሹሞች መቀመጫ ነበረች፤ ከነዚሁም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ፥ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ላሊበላ ከዚህች ከተማ በስተደቡብ ነው፤ ወፍ በቀጥታ ብትበር 65 ኪሎሜትር ያህል ቢሆን ነው። መንገዱ ግን እንደ ወፍ አይሄድም፤ ገደሉን እየዞረ፥ ወንዙን እየወረደ፥ ተረተሩን እየወጣ ስለሚሄድ፥ ለደኅና እግረኛ ሦስት ቀን ያህል ይፈጃል።

ተሳላሚዎች በጋዝጊብላ በኩል አልፈው ወደ ላስታ ይገባሉ። ብልብላ በደረሱ ጊዜ ከዓለት የተፈለፈሉትን የቅዱስ ጊዮርጊስንና የቅዱስ ቂርቆስን አብያተ ክርስቲያናት ይሳለማሉ። ከዚያም ጕልበት ያለው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ይወጣል። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ዘመን አስቀድሞ በነገሠው በንጉሡ ስም የሚጠራ ሲሆን፥ በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው። ከበስተኋላውም ብዙ ዐፅም ተከማችቶ ይታያል፤ የአገሩ ሰው ከሩቅ መጥተው በዚያ ያረፉ የተሳላሚዎች ዐፅም ነው ይላል። በመጨረሻም በታኅሣሥ 29 ቀን፥ ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግሥት ደግሞ በ28 ቀን፥ በቤተ ማርያም አጠገብ ካህናቱ ከላይ ከዓለቱ ጫፍና ከታች ከዐጸዱ ሆነው «ቤዛ ኵሉ» ሲዘምሩ ይሰማሉ። ያም ዕለት የጌታችን ልደት ብቻ ሳይሆን የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላም ልደት ሆኖ ይከበራል።

እንግዲህ መርከቡን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1891 ዓ.ም.፥ ማለት በእኛ አቈጣጠር በ1883፥ በጀርመን አገር አልበርት ባሊን የሚባል የሐምቡርግ የመርከብ ኩባንያ ሹም ነበረ። በክረምት ወደ አሜሪካ የሚሻገር ሰው እያነሰ መርከቦቹ ሥራ ፈትተው ስለ ቆሙ፥ «አውጉስታ ቪክቶርያ» የምትባለውን መርከብ 241 መንገደኞች አሳፍሮ በሜዲቴራኒያን ባሕር ለሽርሽር ሰደዳት። ብዙዎች ይህን አሳብ እንደ ቀልድ ቈጥረውት ነበር። እርሱ ግን አተረፈበት፤ በ1900 እ.ኤ.አ.ም ለሽርሽር ብቻ የተሠራች መርከብ አስወጣ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየሰፋ ሄዶ፥ በ2023 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም በዚህ ዓይነት የተጓዘው ሰው ከ31 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ኩባንያዎቹም ለተመላላሹ መንገደኛ፥ በመርከባቸው ባደረው ሌሊት ልክ «ወርቅ»፥ «አልማዝ» እያሉ ማዕርግ ይሰጡታል። ማዕርግ ለምንወድ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንብንም።

ስለ ምን ይመላለሳሉ? ፊተኛው ምክንያት ከአሳብ ማረፍ ነው። በመርከብ የሚሄድ ሰው ዋጋውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ መኝታውና ምግቡ ካንድ ወደብ ወደ ሌላ ወደብ አብረውት ይሄዳሉ፤ ጓዙን አንድ ጊዜ ከፈታ እስኪመለስ ድረስ አያስርም። ቤቱ ከርሱ ጋራ ይጓዛል ማለት ነው። የሰቆጣውም ማኅበር ሥርዓቱ ይህንኑ ይመስላል። አለቃው ከበዓሉ አስቀድሞ ይመረጣል። ሁሉም ድርሻውን ያዋጣል። ወራቱ ጾመ ነቢያት ስለ ሆነ ስንቁ ቀላል ነው፤ ቆሎ፥ በሶ፥ ድርቆሽና ዳቦ ይያዛል እንጂ ሙክት አይነዳም። የት እንደሚታደር፥ ማን ውሃ እንደሚቀዳ፥ ማን በሌሊት እንደሚጠብቅ የታወቀ ነው። እንግዲህ በዓመቱ ውስጥ ሁሉ ሲያዝና ሲፈርድ፥ ደብዳቤ ሲያነብና ሲያትም የኖረ ሹም፥ በዚህ መንገድ ላይ «ተነሥ» ሲሉት ይነሣል፥ «እዚህ እደር» ሲሉት ያድራል። ማዘዝ የሚያደክመውን ሰው ለጥቂት ቀን መታዘዝ እንዴት እንደሚያሳርፈው፥ የቀመሰው ያውቀዋል።

ይህን መንገድ ከሃያ ጊዜ በላይ የሄዱ፥ ከመነኰሱ በኋላም ከልጆቻቸው ጋራ የሚኖሩ አንዲት እናት፥ «እማሆይ፥ ይህን ያህል ጊዜ ተሳልመው ያልጠገቡት ምኑን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ እንዲህ ብለው መለሱ። «ልጄ፥ በረከቱማ አይጠገብም። ደግሞም ቤቴ ሳለሁ ሰው ሁሉ እኔን ይጠይቃል፤ ጨው አለቀ፥ ጥጃው ጠፋ፥ እንጨት የለም ይለኛል። ከማኅበሩ ጋራ ስሄድ ግን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹እማሆይ፥ ደከመዎት ወይ?› ይሉኛል።»

ሁለተኛው ምክንያት ደካማ ሰው ብቻውን የማይደርስበት ስፍራ ከጓደኛ ጋራ መድረሱ ነው። ባሏ የሞተባት፥ ዐይኑ የደከመ፥ ጕልበቱ የሚያመው፥ በማያውቀው አገር ብቻውን ሊጓዝ ይፈራል። በመርከብ ላይ ሐኪም አለ፥ ሽማግሌውም በወንበሩ ተቀምጦ አገር ያልፍለታል። በዋግ መንገድ ሐኪም ባይኖርም፥ በተራ የሚጫኑት በቅሎ፥ ክንዱን የሚሰጥ ጐልማሳ፥ ማታ እሳት የሚያነድ ሕፃን ይገኛል። ላሊበላም በደረሱ ጊዜ የከተማው ሰው ወጥቶ የመንገደኛውን እግር ያጥባል። ይህን ልማድ ያየ ሰው ስለ ምን ደግሞ እንደሚመጣ ሊጠይቅ አይገባውም።

ሦስተኛው ምክንያት የተደገመው ነገር በውነት ያው አለመሆኑ ነው። ቤተ መቅደሱ ባለበት ቆሟል፥ ዳገቱም አልተቀነሰም፤ የሚለወጠው ሰውየው ነው። አምና በአንድ ትንፋሽ የወጣውን ተረተር ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ይወጣዋል። አምና በጀርባው ያዘለው ልጅ ዘንድሮ ቀድሞት ይሮጣል። አምና ከጐኑ ተኝቶ የነበረው ወዳጁ ዘንድሮ የለም፤ ማኅበሩም የእርሱን ስንቅ ለነዳያን ይሰጥለታል። ወደ አዲስ አገር የሚሄድ ሰው አገሩን ያያል፤ ወደ ታወቀው የሚመለስ ግን ራሱን ይለካል።

ይህን ሁሉ ብለን የተቃዋሚውን ቃል ሳንሰማ ብንቀር ፍርዳችን ጐደሎ ይሆናል። ፊተኛው ክስ፥ «ተመላላሾች አገር አያዩም» የሚል ነው። እውነትነት አለው። መርከብ በወደብ የሚቆመው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ መንገደኛው ገበያውን ዞሮ ሥዕል አንሥቶ ይመለሳል። የኛም ማኅበረተኛ ዐይኑ ወደ ላሊበላ ብቻ ስለ ሆነ፥ ከሰቆጣ ጥቂት ኪሎሜትር ብቻ የሚርቀውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን፥ የዋግሹሞች አስከሬን በሣጥን ሆኖ የሚገኝበትን፥ ሳያይ ብዙ ጊዜ ላሊበላ የተመላለሰ አይጠፋም። ሰሜኑንም ወገን ብንመለከት፥ የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ውሃው በአበርገሌና በዝቋላ በኩል ተኝቶ ሐይቅ ሆኗል፤ ዓሣ አጥማጆችም በጀልባ ይሠሩበታል። ባሕር የሌለው ዋግ ባሕር አግኝቶ ሳለ፥ ያላየው የዋግ ልጅ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ክስ፥ ሰው ተሰብስቦ በሚሄድበት በሽታና መከራም አብሮ ይሄዳል የሚል ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በተነሣ ጊዜ፥ «ዳይመንድ ፕሪንሰስ» የምትባል መርከብ 3711 ሰዎች እንደ ያዘች በጃፓን በዮኮሃማ ወደብ ታግዳ ቆመች፤ ከነዚያም ውስጥ ከ700 በላይ ሰዎች በበሽታው ተያዙ። እንዲሁም በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዋግና ወደ ላስታ በደረሰ ጊዜ፥ መንገዱ ለተሳላሚ ተዘጋ፥ ሕዝቡም ተሰደደ፥ ተራበ። ዳሩ ግን ስለ ተመላላሽ ሰው ልብ የሚመሰክረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው። መርከቦቹ እንደ ገና ሲሞሉ፥ ላሊበላም በ2014 ዓ.ም. ልደት ተሳላሚዎቿን ደግማ ተቀበለች።

ሦስተኛው ክስ ግን ከሁሉ የከበደ ነው፤ ስለዚህም በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ሊነገር ይገባዋል። ይኸውም፥ የአንዱ ዕረፍት በሌላው ድካም ላይ የቆመ አይደለምን? የሚል ነው። በመርከቡ ላይ መንገደኛው ሲዘፍንና ሲበላ፥ ከበታች ከፊሊፒንና ከኢንዶኔዢያ የመጡ ሠራተኞች ከቤታቸው ወራት ሙሉ ተለይተው ያበስላሉ፥ ያጥባሉ። በኛም ማኅበር ጌታው በጥላ ሲያርፍ፥ ቀኑን ሙሉ እኩል የሄደችው ገረድ ውሃ ፍለጋ ወደ ሸለቆ ስትወርድ ታይቷል። እመቤቲቱም ብትሆን፥ በቤቷ ያለው ማጀት በመንገድ ላይ ከተከተላት ጉዞው ለርሷ ሥራ እንጂ ዕረፍት አይሆንም። ደጋግመው ከሚሄዱት ማኅበሮች የሚወደደው፥ ስንቁ አስቀድሞ በደረቁ የተሰናዳበት፥ ውሃና እንጨትም ወንድ ሴት፥ ጌታ ሎሌ ሳይለይ በዕጣ የሚደርስበት ነው። በሁለተኛው ዓመት የሚፈርሰውን ማኅበር ብትመረምሩ፥ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው በጥቂቶች ትከሻ ላይ የወደቀበት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር ደርሶብናል። መኪና ከሰቆጣ ላሊበላ በአንድ ቀን ያደርሳል፤ ወጣቱም ሌሊት ተነሥቶ፥ ቅዳሴ ሰምቶ፥ በማግሥቱ ይመለሳል። ይህን የሚነቅፍ ሰው የታመመውንና ያረጀውን አላሰበም፤ መኪና ለብዙዎች በረከት ነው። ነገር ግን በመኪና የሄደው ሰው በዓሉን አገኘ እንጂ ሦስቱን ሌሊት አላገኘም። ሽማግሌዎች የዘር ሐረግ የሚቈጥሩት፥ ልጆች ኽምጣንጋውን ከአያቶቻቸው የሚሰሙት፥ የተጣሉ ጎረቤቶችም ዳኛ ሳይቀመጥ በእሳት ዳር የሚታረቁት በነዚያ ሌሊቶች ነው። ማኅበሩ አንድ ጊዜ ከፈረሰ መንገዱ ቢቀርም ይህ ሁሉ አይቀርም፤ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ለተከበራችሁ አንባብያን የምናቀርበው ምክር አጭር ነው። ልጆቻችሁን ቢያንስ አንድ ጊዜ በእግር ከሚሄዱት ጋራ ስደዱ፥ ወይም ራሳችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ። የታኅሣሥ ሌሊት በደጋ ብርዱ ጽኑ ነውና ጋቢና ቡሉኮ አትርሱ። እግራቸው በአዲስ ጫማ እንዳይላጥ አስቀድመው የለመዱትን ጫማ አድርጉላቸው፤ የሚጠጡትንም ውሃ አፍሉላቸው። ደካማ ለሆኑት ወላጆቻችሁ በቅሎ ወይም መኪና አሰናዱላቸው፤ ከማኅበሩ ግን አትለዩአቸው፤ በየማደሪያው ይገናኙ። የውሃው ዕጣ በሚወጣበትም ጊዜ ስማችሁ ከሌሎቹ ጋራ ይግባ። በዚህ ዓይነት የተጓዘ ቤተ ሰብ፥ በሚመጣው ዓመት ኅዳር ሲገባ፥ ማንም ሳይቀሰቅሰው ስለ ስንቁ መነጋገር ይጀምራል።