የጓደኛችን ማዳመጫ እንዴት እንደተቃጠለ

በቅርቡ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከፊዚክስ ቤተ ሙከራው በኩል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጥቶ «ምን ነደደ?» ያላችሁ ጥቂቶች አልነበራችሁም። ያነደድነው እኛ ነን። ወሬው በየመኝታ ክፍሉ ተጣሞ ከሚደርሳችሁ ራሳችን ብንናገረው ይሻላል ብለን ይህችን ጽሑፍ ለጥፈናል።

ነገሩ የተጀመረው በቅን ልቡና ነው። ከአምስታችን አንዱ ጓደኛችን ግራ ጆሮው በደንብ አይሰማም። በእንግሊዝኛ የማዳመጥ ልምምድ ጊዜ የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ እንኳ ግማሹ ንግግር ያመልጠዋል። ፈተናው ደግሞ እየቀረበ ነበር። እኛም የፊዚክስ ዕጩ መምህራን ሆነን ለአንድ ጓደኛ የጆሮ ማዳመጫ ማጉያ፣ ማለትም አምፕሊፋየር፣ መሥራት እንዴት ያቅተናል አልንና ተነሣን። እርሱም ከኪስ ገንዘቡ ቆጥቦ የገዛውን ማዳመጫ አምኖ ሰጠን።

ኤል ኤም 386 የሚባለውን ባለ ስምንት እግር አይሲ ከመለዋወጫ ሱቅ ገዛን፤ የቀረውን ዕቃ ከአሮጌ ሬዲዮ ፈታን። ለንግግር ይበቃል ብለን ግራና ቀኙን ማዳመጫ አንድ ላይ አገናኘን። ኃይል ከ9 ቮልት አዳፕተር ወሰድን። ሥዕሉ ከአይሲው መውጫ፣ ከ5ኛው እግር ላይ፣ ባለ 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይላል። እኛ ያገኘነው 10 ብቻ ነበር። «ካፓሲተር ካፓሲተር ነው» ብለን በየድነው። ድምፁ ወጣ፤ ግን ቀጭን፣ ልክ የትንኝ ዓይነት።

እዚህ ላይ ነው ትልቁን ጥፋት የሠራነው። ከመካከላችን አንዱ (ማን እንደሆነ አንናገርም፣ እርሱም ይህን ሲጽፍ እጁ ይንቀጠቀጣል) «ድምፁን ያነቀው ይኼ ካፓሲተር ነው፣ ይውጣ!» አለና በቦታው ሽቦ አስገባ። ወዲያው ድምፁ ወፈረ። ኧረ እንዴት ደስ አለን! ጥቂት ቆይቶ ሽታው መጣ፣ ከዚያ አንዱ ጆሮ ዝም አለ፣ ቀጥሎም ሁለተኛው።

መምህራችን መጥተው አልተቆጡም፤ ብቻ «ልጆች፣ መውጫው ላይ ያለ ሙዚቃ ስንት ቮልት አለ?» አሉ። ለካንው ማንም። ይህ አይሲ ሥራ ሲጀምር መውጫው የሚያርፈው በኃይል ምንጩ ግማሽ ላይ ነው። ምንጩ 9 ከሆነ መውጫው 4.5 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንት ላይ ቆሞ ነው ድምፁን የሚያወዛውዘው። ካፓሲተሩ ያንን ቀጥተኛ ኮረንት አግዶ ተለዋዋጩን ብቻ ያሳልፋል። 4.5ን ለማዳመጫው 32 ኦም ብናካፍለው በእያንዳንዱ ጆሮ 140 ሚሊአምፔር ገደማ ይሆናል፤ ይኸውም ከ0.6 ዋት በላይ ሙቀት ነው፣ ያውም ሳያቋርጥ ፀጉር በመሰለ ሽቦ ላይ። የሚያሳፍረው ደግሞ «ካፓሲተር ቀጥተኛ ኮረንትን ያግዳል» የሚለውን አምስታችንም ፈተና ላይ ጽፈን ሙሉ ነጥብ ማግኘታችን ነው።

ያ ቀጭን ድምፅም የራሱ ሒሳብ ነበረው። ሁለቱ ጆሮዎች ጎን ለጎን ሲገናኙ 16 ኦም ይሆናሉ። በ10 ማይክሮፋራድ ከ1000 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ እየመነመነ ይሄዳል፤ የሰው ድምፅ ወፍራሙ ክፍል ደግሞ እዚያው ነው። በ220 ግን ድንበሩ ወደ 45 ኸርዝ ይወርዳል። ስለዚህ መፍትሔው ካፓሲተሩን ማውጣት ሳይሆን ማሳደግ ነበር።

አዋጥተን ሌላ ማዳመጫ ገዛንለት። ባለ 220ውን ካፓሲተር፣ አዎንታዊ እግሩን ወደ አይሲው አዙረን፣ በየድን። በዚህ ጊዜ ማዳመጫውን ሳንሰካ በቴስተር ለካን፤ አሁንም 4 ቮልት ገደማ! ተስፋ ቆረጥን። መምህራችን ግን ከመውጫው ወደ መሬት ባለ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር አስገቡ፤ ንባቡ በአንድ ሰከንድ ያህል ወደ ዜሮ ወረደ። ለካስ ካፓሲተሩ የሚሞላበት መንገድ አጥቶ ነው እንጂ ምንም አልነበረበትም። ሬዚስተሩ እዚያው ቀርቷል፤ ማዳመጫ ሲሰካም «ጧ!» የሚለውን ድምፅ አስቀርቶልናል።

ሌላም ስሕተት ነበረን። በ1ኛውና በ8ኛው እግር መካከል ካፓሲተር ስላስገባን ማጉያው 200 ጊዜ ያጎላ ነበር፤ ከንግግሩ ይልቅ የሚሰማው እንደ ዝናብ ያለ ሹክሹክታ ነው። እግሮቹን ባዶ ስንተዋቸው 20 ጊዜ ብቻ ያጎላል፤ እርሱም ለማዳመጫ ይበዛል። ስለዚህ በየጆሮው መንገድ ላይ 100 ኦም ጨመርን፣ ድምፁም ወደ አንድ አራተኛ ወረደ። ጓደኛችን መጀመሪያ ቅር አለው፣ «ጨምሩልኝ እንጂ ለምን ትቀንሳላችሁ?» አለ። ግን የደከመን ጆሮ በጩኸት መደብደብ ያለውንም ማሳጣት ነው። ሐኪም ዘንድ እንዲታይም ለምነነው እሺ ብሏል።

የአዳፕተሩን እምምታ በስድስት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ገላገልነው። ፉጨቱን ደግሞ የመግቢያውንና የመውጫውን የመሬት ሽቦ ለየብቻ ወደ አንድ ነጥብ በማምጣት። ብየዳችን ላይ ብዙ ባንናገር ይሻላል፤ ሦስት ቦታ ቆርቆሮው ተንጠባጥቦ ተቀምጦ እንጂ አልያዘም ነበር።

ሐሙስ ማታ ጓደኛችን ማዳመጫውን አጥልቆ የልምምዱን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማ። እኛ አራታችን ፊት ለፊቱ ተደርድረን ፊቱን እናያለን። አንድ ጊዜ ብቻ አቆመውና «ሰውዬው ለካ ከመናገሩ በፊት ትንፋሽ ይስባል» አለን።

ሥዕሉን ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ለጥፈነዋል፤ 220 የሚለውን ቁጥር በቀይ አክብበንበታል። የተቃጠለውም ማዳመጫ ተከፍቶ በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ይገኛል። የጠቆረውን ጥቅል ሽቦ ማየት የሚፈልግ ይምጣ፤ ለማስተማር ልምምድ መዋስም ይቻላል።