ያላመንኋት ተማሪ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙ ጊዜ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን በሽታውን ሳይደብቅ ተናግሮ የሚያምነው ሰው ስላጣ በሽተኛስ ምን እንላለን? ይህን ጥያቄ የማነሣው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከማያምኑት ሰዎች ወገን ስለ ነበርሁ ነው።

ነገሩ የሆነው ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና ተመርቄ በአንዲት የደጋ ከተማ አማርኛ በማስተምርበት ጊዜ ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። በከተማዋ ዙሪያ ጤፍ ይወቃ ስለ ነበር አየሩ ሁሉ ብናኝ ለብሶ ይውል ነበር። የክፍላችን ወለል አፈር በመሆኑ ተማሪዎቹ ከትምህርት በኋላ ተራ ገብተው ይጠርጉታል። አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ወደ እኔ ትቀርብና «ጋሼ፣ አቧራው ያፍነኛል፤ በመጥረጉ ፈንታ ውሃ ልቅዳ» ትለኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ፈቀድሁላት። በሦስተኛው ጊዜ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። «ስንፍናሽን በበሽታ አትሸፍኚ!» ብዬ በጓደኞቿ ፊት ተቆጣኋትና መጥረጊያውን አስያዝኋት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እርሷ ግን አንዲት ቃል ሳትናገር ጎንበስ ብላ መጥረግ ጀመረች።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ቀረች። በሦስተኛው ቀን እናቷ ነጠላቸውን ተከናንበው በመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «መምህር፣ ትንፋሽ አጥሯት ሌሊቱን ቁጭ ብላ አደረች፤ ሲነጋ ጤና ጣቢያ ወስደናት በመርፌ ተረፈች። አስም ነው አሉን። ልጄ ሰነፍ ልትሆን ትችላለች፤ ውሸታም ግን አይደለችም» አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ምን እንደ መለስሁላቸው ዛሬ አላስታውሰውም፤ እርሳቸው ያሉትን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ከዚያ ወዲህ ስለ አስም የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር ሳላነብ አላልፍም። ከንባቤም አንድ ነገር ተረዳሁ። በእኔ ላይ የደረሰው ስሕተት ከእኔ እጅግ በሚበልጡ ሊቃውንት ላይም ደርሶ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአሜሪካ ስመ ጥር የነበሩ አንዳንድ የአእምሮ ሐኪሞች፣ አስምን ምንጫቸው መንፈሳዊ ጭንቀት ነው ከሚሏቸው ሰባት በሽታዎች መካከል ይቆጥሩት ነበር። የቺካጎው ፍራንዝ አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ የአስም በሽተኛው ሲርሲርታ ለእናት የታፈነ ልቅሶ ነው እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ከዚህም የተነሣ ጥፋቱ በእናቶች ላይ የሚወድቅበት ጊዜ ብዙ ነበር። በኮሎራዶ ክፍለ ሀገር፣ በዴንቨር ከተማ አስም የጠናባቸው ሕፃናት የሚታከሙበት ተቋም ነበር፤ ሕፃናቱም ከወላጆቻቸው ተለይተው ለረጅም ጊዜ በዚያ እንዲኖሩ ይደረግ ነበር። ከወላጅ መለየት ራሱ እንደ መድኃኒት የተቆጠረበት ዘመን ነበርና።

ሆኖም የበሽተኞቹን ቃል የሚደግፍ ማስረጃ አስቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ሃይንትስ ኪውስትነር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የበሰለ ዓሣ ሲበላ ሰውነቱ ያሳክከውና ያብጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ባልደረባው ኦቶ ፕራውስኒትዝ ከኪውስትነር ደም የወጣውን ሴረም፣ ማለትም ቀይነት የሌለውን የደም ውሃ፣ በገዛ ቆዳው ውስጥ ተወጋ። በማግሥቱ በዚያው ቦታ የዓሣ ጭማቂ ሲወጋ ቆዳው ቀልቶ አበጠ። ፕራውስኒትዝ ዓሣ ቢበላ ምንም የማይሆን ሰው ነበር። እንግዲህ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የተሻገረው ጭንቀት ወይም ስንፍና ሊሆን አይችልም፤ በደም ውስጥ ያለ አንድ ነገር ነው። ያ ነገር «ሬአጂን» ተባለ። ነገር ግን መጠኑ እጅግ ጥቂት ስለ ነበር ለይቶ ለማውጣት የቻለ ሰው ሳይገኝ አርባ አምስት ዓመታት አለፉ።

ይህን ነገር ለይተው ያወቁት ኪሚሺጌ ኢሺዛካና ቴሩኮ ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት ናቸው። ሁለቱም ሐኪሞች ሲሆኑ የተጋቡት እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። በ1962 ወደ ዴንቨር ሄደው ሥራ የጀመሩት ከላይ በጠቀስሁት በዚያው የአስም ሕፃናት ተቋም የምርምር ክፍል ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ተመራማሪዎች ሬአጂን የሚባለው ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ የተባለው የታወቀ ፀረ እንግዳ አካል ነው ብለው ያምኑ ነበር። ባልና ሚስቱ ይህን አስተያየት እንደ ሰሙት አልተቀበሉትም። ራግዊድ በሚባል አረም የአበባ ብናኝ ከሚታመሙ ሰዎች ደም ሴረም ወስደው ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤን አስወገዱ። ሴረሙ ግን ቆዳን የማሳበጥ ኃይሉን አልለቀቀም። ስለዚህ ሌላ ነገር መኖር አለበት ብለው ፍለጋቸውን ቀጠሉ።

ያ ነገር በሚዛን ወይም በዓይን የሚታወቅ አልነበረም። መኖሩን የሚናገረው የሰው ቆዳ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሴረሙን በየጊዜው እየከፋፈሉ በገዛ ቆዳቸው ላይ ይሞክሩት ነበር። ባበጠ ጊዜ «እዚህ አለ»፣ ሳያብጥ በቀረ ጊዜ «እዚህ የለም» እያሉ ይመዘግባሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 ድካማቸው ፍሬ አፍርቶ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ፀረ እንግዳ አካል ማግኘታቸውን ገለጡ። በ1967 ደግሞ በስዊድን አገር፣ በኡፕሳላ ከተማ ጉናር ዮሃንሶንና ሃንስ ቤኒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በሌላ መንገድ ተጉዘው ከዚሁ ደረሱ። በ1968 የዓለም ጤና ድርጅት ባደረገው ስብሰባ የሁለቱ ወገኖች ግኝት አንድ መሆኑ ታውቆ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ የሚል ስም ተሰጠው። በደም ውስጥ ከሚገኙት አምስት ዐይነት ኢሚዩኖግሎቡሊኖች በመጠን ከሁሉ የሚያንሰው ይህ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ በቆዳና በመተንፈሻ አካላት ውስጥ በሚገኙ ማስት በተባሉ ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ ይቆያል። የማይስማማው ብናኝ ሲመጣ ይይዘዋል፤ ሕዋሱም ሂስታሚንና ሌሎች ቅመሞች ይረጫል። በዚህ ጊዜ የአየር ቧንቧው ያብጣል፤ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ትንፋሽ ያጥራል። በእርግጥ አስም ሁሉ ከአለርጂ አይነሣም። ኀዘንና ቁጣም ሕመሙን ሊያባብሱት ይችላሉ። ይሁንና «አቧራው ያፍነኛል» ያለችው ልጅ የምትናገረው ሰውነቷ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነበር።

ተመሳሳይ ታሪክ ያለው ሌላም ሕመም አለ። እ.ኤ.አ. በ1888 ዊልያም ኦስለር የተባለው ታላቅ ሐኪም በአንድ ቤተሰብ አምስት ትውልድ ውስጥ የወረደ ድንገተኛ እብጠት መኖሩን ጻፈ። ፊት፣ እጅ ወይም ሆድ ያብጣል፤ ጉሮሮ ሲያብጥ ደግሞ ሰው ታፍኖ ሊሞት ይችላል። በዚያ ዘመን የሕመሙ መንሥኤ ነርቭ ይመስል ስለ ነበር ስሙም ከነርቭ ጋር ተያይዞ ተሰየመ። እ.ኤ.አ. በ1963 ግን ቨርጂኒያ ዶናልድሰንና ሪቻርድ ኢቫንስ እውነተኛውን ምክንያት አገኙ። እነዚህ በሽተኞች በደማቸው ውስጥ ሲ-1 ኢንሂቢተር የተባለው ፕሮቲን ይጎድላቸዋል፤ ወይም ቢኖርም ሥራውን አይሠራም። ለአለርጂ የሚሰጠው መድኃኒት እምብዛም የማይረዳቸው ሕመሙ ሌላ ስለ ሆነ ነው። ይህ እስኪታወቅ ድረስ ግን ሰባ አምስት ዓመታት አልፈዋል።

ኢሺዛካዎች ከዚያ በኋላም ሥራቸውን አላቆሙም። እ.ኤ.አ. በ1970 በባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ፤ በ1989 በካሊፎርኒያ ወደ ላ ሆያ የአለርጂ ምርምር ተቋም ሄዱ። በ1996 ጡረታ ወጥተው ቴሩኮ ወደ ተወለዱበት ወደ ያማጋታ ተመለሱ። ባልዮው በ2018፣ ሚስትዮዋ በ2019 ዐረፉ። ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢን በመያዝ የአለርጂ አስምን የሚያስታግሥ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሲፈቀድ ለማየት በቅተዋል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ሁላችሁም ተመራማሪ ትሆናላችሁ አልልም። ነገር ግን የክፍል ጓደኛችሁ «አፈነኝ»፣ «አበጠብኝ» ሲላችሁ አትሳቁበት፤ ከአቧራው አርቁት፤ ትንፋሹ ካጠረ ፈጥናችሁ መምህራችሁን ጥሩ፤ ወደ ሐኪምም እንዲወሰድ አድርጉ። ለዚህ የሚያስፈልገው የሰውን ቃል በጥሞና መስማት ብቻ ነው።

ያች ተማሪ ከሳምንት በኋላ ወደ ክፍል ተመለሰች። ከዚያም ቀን ጀምሮ መጥረጊያ አልያዘችም። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እርሷም «ግድ የለም ጋሼ» ብላ አንገቷን ደፍታ ሄደች። የተቆጣኋት ግን በሁሉም ፊት ነበር፤ ይቅርታ የጠየቅኋት ለብቻዋ ነው። ያን ቀን የሳቁት ልጆች መሳሳቴን ከእኔ አንደበት አልሰሙም። ለእነርሱ ልነግራቸው ይገባኝ የነበረውን ዛሬ ለእናንተ እነግራችኋለሁ፤ ልጅቱ እውነቷን ነበር።