ጫካ የመሰለኝ ጓሮ

ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ዲላ የገባ መንገደኛ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ምሳ የት እንደሚበላና ሞያሌ መቼ እንደሚደርስ። ከተማዋ እንደ ጎንደር ግንብ የላትም፤ እንደ አስመራ ጣሊያን ትቶላት የሄደ ሲኒማ ቤትም የላትም። አውራ ጎዳናው መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። እንግዳውም አብሮ ያልፋል።

*

ከዲላ ወደ ወናጎ ስንሄድ፣ «ይሄ ደን እንዴት ተረፈ?» አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ሳቁብኝ። «የምን ደን? ጓሮ ነው እንጂ!»

ከላይ ዛፉ፣ ከሥሩ ቡናው፣ ከቡናው ጎን እንሰቱ፣ በየክፍተቱ ጎመኑ። ቤቱ ቅጠል ውስጥ ጠፍቷል፤ የሚያሳብቅበት ጭሱ ብቻ ነው።

«አባቴ፣ ዛፉ ቢሸጥ ገንዘብ አይደለም?»

«ልጄ፣ ቡናውን ማን ያጥላለት?»

ዩኔስኮ ይህን የጌዴኦ ሕዝብ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ለሌላው ቅርስ ዘበኛ ይቀጠርለታል። ይሄኛው ግን ካልተኮተኮተ ይሞታል።

*

ይርጋጨፌን የቶኪዮ ቡና ጠጪ ያውቃታል። ቡናው የሚበቅልበትን ጌዴኦን ግን አያውቅም። ምርጡ ፍሬ ወደ ውጭ ይላካል፤ አልሚው የሚጠጣው የተረፈውን ነው።

*

ሻቤ ከዲላ ሩቅ አይደለም። በጠባብ ሸለቆ የዓለት ግድግዳ ላይ በጥንት ሰዎች እጅ 50 ያህል ከብቶች ተቀርጸዋል፤ ግታቸው ሞልቶ፣ ሁሉም ተከታትለው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ሻኛ የላቸውም። የዛሬዋ ላም ሻኛ አላት፤ መስክ ግን የላትም፤ ደጅ ታስራ እንሰት ቅጠል ትቀለባለች። ያ ሁሉ መንጋ የተሰማራበት ሜዳ የት ገባ? እኔ ቅርጹን ሳይሆን ይህን ሳስብ ነው የመሸብኝ።

*

«ቅኝ አልተገዛንም» ማለት እንወዳለን፤ እውነትም ነው። ሆኖም በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬ ሚጪሌ በተባለው ሥፍራ ጦር ያነሳው በፈረንጅ ላይ አልነበረም። የቡናውን ምርት በሚካፈሉት ባለርስቶች ላይ ነበር። በትምህርት ቤት ይህን ያስተማረኝ የለም።

*

ጨልባ ቱቱቲ በተባለው የጌዴኦ ሥፍራ ከ1,000 በላይ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ አንዳንዱ ቆሟል፣ ብዙው ወድቋል። ሳካሮ ሶዶ በተባለው ሥፍራ የተደረገ ጥናት የትክሎቹን ዕድሜ ወደ መጀመሪያው ክፍለ ዘመን ወስዶታል፤ ቀድሞ ከሚታሰበው 1,000 ዓመት ያህል ወደኋላ ማለት ነው። ቱቱ ፈላ ላይ ደግሞ የቀደመውን ትክል እንደገና ጠርበው የሰው መልክ ያወጡለት አሉ። የአባትን ድንጋይ ለልጅ እንደማዋል ነው፤ በጌዴኦ ቁጠባ ትናንት አልተጀመረም።

እዚያው ቱቱ ፈላ አንድ ወጣት ጎብኚ ጫማውን ሊያስር አንዱ ትክል ላይ ተቀመጠ። አንባቢዬ፣ ስትሄድ አትቀመጥበት። ከሥሩ መቃብር ነው።