ቆጣሪው ሲመጣ ስሙ የማይጠራው ሰው

በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር በቆጠራ የተገኘው የመጨረሻ መልስ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከ267 ሺህ ጥቂት ከፍ ይላል። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። በዚያ ቆጠራ ማግስት ሽሮ ሜዳ ወይም አዲሱ ገበያ የተወለደ ልጅ ዛሬ ድምፅ ለመስጠት ደርሷል፤ ቤቱ ድረስ ሄዶ የቆጠረው ግን የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ሊካሄድ ታቅዶ ነበር፤ ተራዘመ። ወደ 2011 መጋቢት ማብቂያ ተዛወረ፤ ታብሌቶቹ ተገዝተው ቆጣሪው ወረቀት እንደማይዝ ሁሉ ተነግሮ ነበር። በሰኔ 2011 ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና ለአንድ ዓመት አራዘሙት። ቀጥሎ ኮሮና መጣ፣ ጦርነት መጣ፤ የተራዘመው እንደተራዘመ ቀረ።

የዚህ መዘዝ ከጉለሌ አልፎ አገርን ያዳርሳል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከ1999ኙ ቆጠራ ተነስቶ የሚሰጠው ትንበያ 110 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ125 ሚሊዮን አልፎ ሄዷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በ1999 ከተቆጠረው የአዲስ አበባ ሕዝብ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ይህን ያህል ሰው በወረቀት ላይ አለ ወይም የለም እየተባለ ነው በጀት የሚመደበው፣ የነፍስ ወከፍ ገቢ የሚሰላው፣ ክትባት የሚገዛው።

ስለ ቆጠራ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ላይ ነው፤ ማን አዘገየው፣ ማን ይጠቀማል፣ ውጤቱን ማን ይነካካል እያልን። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ሌላ ቦታ መናገር እፈልጋለሁ፤ ስለ ደጃፍ። ቆጠራ ቀኑ በምክር ቤት ይወሰን እንጂ እውነት ወይም ሐሰት የሚሆነው በር ላይ ነው። ከተማው አስቀድሞ በካርታ ተሸንሽኖ ለእያንዳንዱ ቆጣሪ የራሱ የቆጠራ ቦታ ይሰጠዋል። ቆጣሪው በር ያንኳኳል፤ የሚያገኘው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ አባወራው፣ እማወራዋ ወይም ቤት የተገኘ አዋቂ ልጅ። ያ አንድ ሰው በግቢው ላለው ሁሉ ይመልሳል። ማን እንደሚቆጠርና ማን እንደሚቀር በዚያች ግማሽ ሰዓት የሚወስነው እሱ ነው። እንደ እኔ እምነት ቤተሰብ በቆጠራ የሚሳተፈው በመጀመሪያ ለመንግሥት ብሎ አይደለም፤ ለራሱም ብሎ አይደለም። አብሮት ስለሚኖረው፣ ስሙ በውልም በካርታም ላይ ስለሌለው ሰው ብሎ ነው።

ያ ሰው ማን ነው? ጉለሌን የሚያውቅ አንባቢ ለመገመት አይቸገርም። ሽሮ ሜዳ ላይ ከጋሞ ደጋ መጥተው በአንድ ክፍል ተጠጋግተው የሚሸምኑ ወጣቶች አሉ። ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። የአዲስ አበባ አከራያቸው «እነሱ እንኳ የዚህ ሰዎች አይደሉም» ይላል፤ ጨንቻ ያለው ቤተሰባቸው ደግሞ «እሱ አዲስ አበባ ነው» ይላል። ሁለቱም የዋሹ አይመስላቸውም፤ ልጁ ግን ከሁለቱም ዝርዝር ወጣ። የቤት ሠራተኛዋ አለች፤ ከገጠር ከመጣች ዓመት አልፏት እንኳ «ቤተሰብ ስንት ነው?» ሲባል «አራት ነን» ተብሎ እሷ ሻይ አቅርባ ትመለሳለች። ከግቢው ጀርባ ባለው ሰርቪስ ክፍል የሚኖር ተከራይ አለ፣ ከተከራዩም ጋር ደባል አለ። ከእንጦጦ ግርጌ በጨረቃ ቤት የሚኖር፣ ማንኛውም ወረቀት የያዘ ሰው ሲመጣ «ሊያፈርሱብኝ ነው» ብሎ በሩን የሚዘጋ አለ። ደግሞም ጨቅላው አለ። ሕፃናት በብዙ አገሮች ቆጠራ ውስጥ ከሚዘነጉት መካከል ናቸው፤ መልስ ሰጪው «ሰው» ሲባል የሚቆጥረው ቆሞ የሚሄደውን ነውና።

እዚህ ላይ የቆጠራውን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። በ1999 ዓ.ም. የአጭሩ ቅጽ ጥያቄዎች ለሁሉም ቤተሰብ ቀረቡ፤ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ሞት፣ ስለ ቤቱ ሁኔታ የሚጠይቀው ረጅሙ ቅጽ ግን ከአምስት ቤተሰብ ለአንዱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ረጅሙ ቅጽ የደረሰው ቤተሰብ ስለ ራሱ ብቻ ሳይሆን ስለ አራት ጎረቤቶቹም ይመልስ ነበር ማለት ነው። እሱ ሠራተኛዋን ከደበቀ በስሌቱ የተደበቁት አንዲት አይደሉም። ደግሞም የሚጎድለው ሰው ከሁሉም ዓይነት እኩል ቢሆን ጉዳቱ በቀላሉ ይታረም ነበር፤ የሚጎድለው ግን ተከራዩ፣ ደባሉ፣ ሠራተኛዋና ሕፃኑ ስለሆኑ ከተማው ከእውነተኛው ይልቅ ባለ ቤት፣ ጎልማሳና የተደላደለ መስሎ ይወጣል። የውኃ መስመር፣ የጤና ጣቢያ አልጋ፣ የአንደኛ ክፍል ወንበር የሚታቀደው ለዚያ ለሌለ ከተማ ነው። ሰው በብዛት ሳይቆጠር መቅረቱ የሚሆን ነገር መሆኑን ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 አሳይታለች፤ ከቆጠራው በኋላ በተደረገው የማረጋገጫ ጥናት ከሕዝቡ 31 በመቶ ያህሉ ሳይቆጠር እንደቀረ ተገኘ። ይህ የሆነው ከእኛ በብዙ የተሻለ የስታቲስቲክስ አቅም ባለው አገር ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው የኪስ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ በ2016 ከወጣ ወዲህ አከራይ ውሉን ማስመዝገብ አለበት፤ ኪራይም ግብር አለበት። ታዲያ አከራይ በታብሌት ለሚጽፍ ሰው «ስድስት ተከራይ አለኝ» ብሎ እንዴት ይናገራል? ስጋቱ የሞኝ አይደለም። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የወረዳው ውል ምዝገባ ስምህን ከቤትህና ከገንዘብህ ጋር ለማያያዝ የሚደረግ ነው፤ የቆጠራው ቅጽ ደግሞ ስምህን የሚወስደው ሰው እንዳይደገም ነው፣ ከዚያ ወደ ሠንጠረዥ ይቀየራል። የስታቲስቲክስ ሕጉም የግለሰብን መረጃ ለስታቲስቲክስ ካልሆነ ለሌላ ዓላማ ማዋልን ይከለክላል። ቆጣሪ ስለ ኪራይ ውልህ ቁጥር ወይም ስለ ግብር ከፋይነትህ ከጠየቀህ ሥራውን አልፏል፤ አልመልስም በለው።

«ሕጉማ ወረቀት ላይ ነው» የሚል ይመጣል፤ እሱም እውነት አለው። ሕግ ባለባቸው አገሮችም ቃል ፈርሷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1942 የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ዜጎቿን ወደ ማጎሪያ ስትሰበስብ የቆጠራ መረጃ የት ሰፈር ብዙ እንዳሉ ለመለየት አገልግሏል። ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ሕዝቡ ይህን ዓይነቱን ነገር ፈርቶ እ.ኤ.አ. በ1983 ቆጠራውን ፍርድ ቤት አቀረበው፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም አስቆመው፣ ሕጉ ተሻሽሎ ቆጠራው በ1987 ተካሄደ። እኔን የሚማርከኝ ይህ ሁለተኛው ታሪክ ነው። ጀርመኖቹ በራቸውን ዘግተው ብቻ አልተቀመጡም፤ የመረጃው ጥበቃ ምን መምሰል እንዳለበት በአደባባይ ተከራክረው አስለወጡት። በር የዘጋ ሰው ተደበቀ እንጂ ሕጉን አላጠበቀውም። እኛም ከቆጠራው በፊት ስሙ ከመልሱ መቼ እንደሚለይ፣ ታብሌቱ ውስጥ ያለው መረጃ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል በግልጽ እንዲነገረን መጠየቅ አለብን።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የመታመን ነው። የ1999 ቆጠራ ውጤት ሲቀርብ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆነ፤ አስቀድሞ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ ያነሰ ነበር። የክልሉ ዓመታዊ ዕድገት 1.7 በመቶ፣ የአገሪቱ 2.6 በመቶ ተባለ። ጥያቄው በምክር ቤት ተነሳ፤ በሕዝቡ ልብ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም። ስለዚህ «ብቆጠርስ ምን ይፈይዳል?» የሚለውን ሰው ተሳስተሃል ብዬ አልገሥጸውም። ግን አንድ ነገር ልበለው፦ ያ ክርክር ሊነሳ የቻለው ቁጥር ታትሞ ስለወጣ፣ ከቀድሞው የ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ጋር ስለተነጻጸረ ነው። ቆጠራ ባይኖር ጎደልን ለማለትም ማስረጃ አይኖርም ነበር። ቤተሰቦች ራሳቸው ከተደበቁ ደግሞ የጎደለው በቢሮ ነው ወይስ በደጃፍ የሚለውን ማንም ሊለይ አይችልም፤ ቁጥር የሚነካካ ሰው ካለ ከዚያ የተሻለ ሽፋን አያገኝም። መጠየቅ ያለብን ውጤቱ እስከ ወረዳ እንዲታተምና የማረጋገጫ ጥናቱም ሳይዘገይ ለሕዝብ እንዲቀርብ ነው።

የዚሁ ተቃውሞ ሌላ ገጽ ብሔር ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ውክልና በሕዝብ ብዛት ላይ ይመሠረታል፤ አንድ ብሔር ከአንድ ተወካይ በላይ የሚያገኘው ለየአንድ ሚሊዮኑ ነው። የምርጫ ክልልም በቆጠራ ውጤት ይከለላል። ስለዚህ ሰው ቁጥሩን በመቀነስ ብቻ ሳይሆን በማብዛትም ይፈተናል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ቆጠራዋ በሰሜን የአገሪቱ ክፍል የስምንት ወረዳዎች ቁጥር ከልክ በላይ አድጎ ስለተገኘ መንግሥት ውጤታቸውን አልቀበልም ብሎ ጉዳዩ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተጓተተ። «እንግዲያው ብሔር የሚባለውን ትተን ቆጠራውንም ብናቆየውስ?» ለሚሉ ደግሞ ሊባኖስ አለች፤ የሃይማኖት ሚዛኑ ይናጋል ተብሎ ከ1932 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይፋዊ ቆጠራ አላደረገችም፤ ሰላም አላገኘችበትም። ከአማራና ከኦሮሞ፣ ከጉራጌና ከጋሞ ወላጆች የተወለደ የጉለሌ ልጅ የብሔር ጥያቄውን ባይወደው አይፈረድበትም። ግን የሚመልሰው እሱ ነው፤ ቆጣሪው ከስሙ ወይም ከአነጋገሩ ገምቶ እንዲሞላለት መፍቀድ የለበትም።

«ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ አለ አይደል፣ ቆጠራ ለምን?» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1981 ማንም በር ሳያንኳኳ በመዝገብ ብቻ ቆጥራለች፤ ግን ከ1968 ጀምሮ እያንዳንዱን ነዋሪ ከነአድራሻው የሚከታተል መዝገብ ነበራት። የእኛ ልደትና ሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው። ፋይዳ ሄዶ የተመዘገበውን ያውቃል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ቤቱ ሽንት ቤት እንዳለው፣ ባለፈው ዓመት በቤቱ ማን እንደሞተ አያውቅም።

ቀሪው የአፈጻጸም ነገር ነው፤ ቀላል ቢመስልም ቆጠራው የሚድነው በዚህ ነው። በቆጠራ ትርጉም ቤተሰብ ማለት ዘመድ ማለት አይደለም፤ አብሮ የሚኖርና ኑሮውን በጋራ የሚያደርግ ነው። በዚህ መሠረት አብራችሁ የምትኖር ሠራተኛ ከእናንተ ጋር ትቆጠራለች፣ ለብቻው የሚያበስል ተከራይ ግን ራሱን የቻለ ቤተሰብ ነው። በ1999 መለኪያው የወትሮ መኖሪያ ነበር፤ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ። ለንግድ ወይም ለበዓል የወጣ ከቤቱ ጋር ይቆጠራል፤ ዱባይ ያለችው እህት ግን አትቆጠርም፣ ብትናፈቅም። ዕድሜ በግምት አትስጡ፤ በቆጠራዎቻችን 30፣ 35፣ 40 የሚሉ ዕድሜዎች ከጎረቤቶቻቸው በላይ የሚከመሩት ዜሮና አምስት ላይ ማረፍ ስለሚቀናን ነው። የክርስትና ወይም የክትባት ካርድ ካለ ይውጣ። በሸማቾች ማኅበር ደብተር ላይ ያለው የቤተሰብ ብዛት ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ስኳርና ዘይት ለማግኘት የተጻፈውን ለመድገም ብላችሁ እውነተኛውን አትተዉ። ቆጣሪው መታወቂያውን እንዲያሳይ ጠይቁ፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ቆጣሪ የለም።

ቀኑ ገና አልተቆረጠም ይሆናል። ሲቆረጥና በራችሁ ሲንኳኳ ግን ዝርዝሩን ከአባወራው አትጀምሩ፤ ከሰርቪስ ክፍሉ፣ ከሸማኔው፣ ከሠራተኛዋና ከጨቅላው ጀምሩ። አባወራው አይረሳም።